ከርነል ውስጥ ትሬድ መፍጠር፣ ሄደር ውስጥ ስም ማውጣት

ሊኑክስ ያለበት ኮምፒውተር ካላችሁ ተርሚናል ክፈቱና በፒኤስ ትእዛዝ የሚሠሩትን ፕሮሰሶች በሙሉ አስዘርዝሩ። ከዝርዝሩ አናት አካባቢ በማዕዘን ቅንፍ የታሰሩ ስሞች ታያላችሁ፦ [ኬትሬድዲ]፣ [ኬሶፍትአይአርኪውዲ/0]፣ [ኬስዋፕዲ0]፣ ከዚያ ብዙ [ኬወርከር]። ማንም ተጠቃሚ አልከፈታቸውም። ዲስክ ላይ የተቀመጠ የራሳቸው ፕሮግራም የላቸውም። ቅንፉም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ፒኤስ የተነሱበትን ትእዛዝ ፈልጎ ሲያጣ ስማቸውን ብቻ በቅንፍ ያሳያል። እነዚህ የከርነል ትሬዶች ናቸው፤ ከርነል የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ዋና ክፍል ነው። (የኮድ ስሞችን እንደሚነበቡ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ።)

ዛሬ የማብራራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የከርነል ትሬድ እንዴት እንደሚነደፍ ነው። ሁለተኛው በኦፕሬቲንግ ሲስተም ሄደር ፋይሎች (ሌላ ኮድ የሚጠራቸው፣ ስሞችና ዓይነቶች የሚታወጁባቸው ፋይሎች) ውስጥ ስሞች ለምን እንደሚጋጩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ይነገራሉ። ለእኔ ግን መሠረታቸው አንድ ነው። ከርነል ውስጥ ትሬዶች ሁሉ አንድ ሚሞሪ ይጋራሉ። በሲ ቋንቋ ደግሞ ሄደሮች ሁሉ አንድ የስም ሜዳ ይጋራሉ። በሁለቱም ቦታ አጥር የለም። አጥር በሌለበት ቦታ ሁሉም ነገር ባለቤቱ መታወቅ አለበት፦ ማን ፈጠረው? ማን ይነካዋል? ማን ያነሳዋል?

መጀመሪያ ትሬዱ

ትሬድ ማለት ፕሮሰሰሩ እየተከተለ የሚሠራው አንድ የሥራ መስመር ነው። ተራ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ትሬድ የሚኖረው በዚያ ፕሮግራም ሚሞሪ ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ የሌላውን ፕሮግራም ሚሞሪ ልንካ ቢል ፕሮሰሰሩ ራሱ ያስቆመዋል። የከርነል ትሬድ ይህ ገደብ የለውም። የተጠቃሚ ሚሞሪ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም፤ የሚኖረው ከርነሉ ውስጥ ነው፣ ከርነሉ የሚያየውን ሁሉ ያያል።

ሊኑክስ ሁለቱንም የሚመዘግበው በአንድ ዓይነት መዝገብ ነው፤ ስሙ ታስክ_ስትራክት ይባላል። በተራ ፕሮሰስ መዝገብ ላይ የሚሞሪ ካርታውን የሚያመለክት ፖይንተር አለ። በከርነል ትሬድ መዝገብ ላይ ያ ፖይንተር ባዶ ነው። ታዲያ ትሬዱ ሲሠራ ምን ካርታ ይጠቀማል? ከእሱ በፊት በዚያ ፕሮሰሰር ላይ ሲሠራ የነበረውን ፕሮሰስ ካርታ ይዋሳል። የከርነሉ ክፍል በሁሉም ካርታ ላይ አንድ ስለሆነ ችግር የለውም። ካርታ መቀየር ጊዜ ይበላል፤ በዚህ መንገድ ያ ወጪ ይቀራል።

ሥራቸው ምንድን ነው? ኬስዋፕዲ ነፃ ሚሞሪ ሲያንስ ይነቃና ብዙም የማይፈለጉ ገጾችን እየለየ ያስለቅቃል። ኬሶፍትአይአርኪውዲ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር አንድ አንድ አለው። የኔትወርክ ፓኬት ሲጎርፍና የኢንተራፕት (ሃርድዌር ፕሮሰሰሩን አቋርጦ የሚጠራበት ምልክት) ተከታይ ሥራ ሲበዛ የተረፈውን እሱ ይረከባል። ኢንተራፕት ራሱ መተኛት፣ ማለትም አንድ ነገር እስኪመጣ ቆሞ መጠበቅ አይችልም። መጠበቅ የሚችል አንድ አካል ያስፈልጋል፤ ትሬድ የሚፈለገው በዋናነት ለዚህ ነው።

ትሬድ ከመፍጠር በፊት

ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉን ከሃርድዌር ጋር የሚያገናኝ ኮድ፣ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የራሴ ትሬድ በእርግጥ ያስፈልገኛል?» የሚለውን ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ አያስፈልግም ነው። ሊኑክስ ወርክኪው የሚባል አሠራር አለው። ሥራውን በአንድ ፋንክሽን ጽፋችሁ ወረፋ ላይ ታስገባላችሁ፤ ከኬወርከሮቹ አንዱ አንስቶ ይሠራዋል።

ይህ አሠራር አሁን ያለውን መልክ የያዘው በ2010 ነው፣ በከርነል 2.6.36። ከዚያ በፊት የተለመደው ወርክኪው ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱን ትሬድ ይፈጥር ነበር። ሃምሳ ወርክኪውና ስልሳ አራት ፕሮሰሰር ያለው ማሽን አስቡ፤ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ትሬድ ይሆናል፣ አብዛኛው ተኝቶ የሚውል። አንዳንድ ትልልቅ ማሽኖች ገና ሲነሱ 32 ሺህ የሚሆነውን የፕሮሰስ ቁጥር ይጨርሱት እንደነበር የከርነሉ የራሱ ሰነድ ይናገራል። ቴጁን ሄዮ የሚባለው የከርነል ገንቢ ሠራተኞቹን የጋራ አደረጋቸው። ሥራው ሲበዛ ይጨመራሉ፣ ሲቀዘቅዝ ይቀነሳሉ።

የራስ ትሬድ ተገቢ የሚሆነው ሥራው ማለቂያ የሌለው ሲሆን፣ የራሱ የቅድሚያ ደረጃ ሲያስፈልገው፣ ወይም ሳያቋርጥ አንድን ነገር መከታተል ሲኖርበት ነው።

መወለድ፣ መጠበቅ፣ መቆም

ትሬድ ለመፍጠር ኬትሬድ_ክሪኤት የሚባለውን ፋንክሽን ትጠራላችሁ። የሚገርመው ትሬዱን የሚወልደው ጠሪው አለመሆኑ ነው። ጥያቄው ወደ ኬትሬድዲ ይሄዳል። ኬትሬድዲ የፕሮሰስ ቁጥሩ ሁልጊዜ 2 ነው፤ የከርነል ትሬዶች ወላጅ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ዙሪያ ጥምጥም ለምን አስፈለገ? አዲስ ትሬድ የፈጣሪውን ነገር ይወርሳል፦ የሲግናል (ለፕሮሰስ የሚላክ አጭር መልእክት) ሁኔታውን፣ የሥራ ዳይሬክተሪውን፣ የሀብት ገደቡን። ሞጁል (ከርነሉ እየሠራ የሚጨመርበት የኮድ ክፍል) የጫነው ሰው ሼል (ትእዛዝ የሚጻፍበት ፕሮግራም) ውስጥ ሆኖ ቢሆንስ? ለከርነል የሚሠራው ትሬድ የዚያን ሼል ኮተት ተሸክሞ ይኖር ነበር። በፊት በከርነል_ትሬድ ይፈጠርና ዲመናይዝ በሚባል ፋንክሽን ኮተቱን ለማራገፍ ይሞከር ነበር። በ2004 አካባቢ የከርነል ገንቢው ረስቲ ራስል የአሁኑን የኬትሬድ አሠራር ጻፈና ትሬዱ ከመጀመሪያውም ንጹሕ ሆኖ እንዲወለድ አደረገ።

ኬትሬድ_ክሪኤት የፈጠረው ትሬድ ወዲያው አይሮጥም። ተኝቶ ይጠብቃል፤ እናንተ ትቀሰቅሱታላችሁ። በመሃል በየትኛው ፕሮሰሰር ላይ እንደሚሠራ መወሰን ትችላላችሁ። ቶሎ እንዲጀምር ከፈለጋችሁ ኬትሬድ_ራን ሁለቱንም በአንዴ ያደርጋል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል መጣን፤ እሱም መጠበቅ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ እንበል።

ትሬዱ ሥራ መኖሩን ይጠይቃል። የለም። ስለዚህ ሊተኛ ነው። ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ፣ ገና ሳይተኛ፣ በሌላ ፕሮሰሰር ላይ ያለ ኮድ ሥራ አስገባና «ንቃ!» አለው። ትሬዱ ግን ገና አልተኛም። ያልተኛን መቀስቀስ ምንም አያደርግም። ከዚያ ትሬዱ ጥያቄውን አስቀድሞ ጨርሷልና ይተኛል። ሥራው ወረፋ ላይ ተቀምጧል፣ ቀስቃሹ ግዴታዬን ተወጣሁ ብሎ ሄዷል፣ ትሬዱ ተኝቷል። ሌላ ቀስቃሽ እስኪመጣ ማንም አያነሳውም። ችግሩ በሺህ አንዴ ወይም በሚሊዮን አንዴ ነው የሚከሰተው፤ ለዚህም ነው በሙከራ ላይ ሳይታይ ደንበኛው ጋ ሲደርስ የሚፈነዳው።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ትሬዱ መጀመሪያ መዝገቡ ላይ «ተኝቻለሁ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ሥራ መኖሩን ይፈትሻል። ከሌለ ስኬጁል የሚለውን ፋንክሽን ይጠራና በእውነት ይተኛል። በመሃል ቀስቃሽ ቢመጣ «ተኝቻለሁ» የሚለውን ጽሑፍ አጥፍቶ ወደ «ዝግጁ ነኝ» ይለውጠዋል። ትሬዱ ስኬጁልን ቢጠራም ሳይተኛ ይመለሳል። የወይት_ኢቨንት ማክሮዎች (በተዘጋጀ ኮድ የሚተኩ ስሞች) ይህን ቅደም ተከተል በውስጣቸው ይዘዋል። በእጅ ከመጻፍ እነሱን መጠቀም ሁልጊዜ ይሻላል።

ቀጥሎ ማቆም አለ። የከርነል ትሬድን ፕሮሰስን በግድ በሚያቆመው በኪል -9 ትእዛዝ መግደል አይቻልም፤ ሲግናሎችን በሙሉ ሳይሰማ እንዲያልፍ ሆኖ ነው የሚወለደው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትሬዱ ሎክ (የጋራን ነገር በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ እንዲነካ የሚያደርግ ቁልፍ) ይዞ ሳለ ቢገደል ሎኩን የሚፈታ የለም፤ ያንን ሎክ የሚጠብቅ ሁሉ ተሰልፎ ይቀራል። ተራ ፕሮግራም ሲሞት ሚሞሪውም አብሮ ይጠረጋል። እዚህ ግን ሚሞሪው የሁሉም ነው።

ስለዚህ ትሬዱ ይጠየቃል እንጂ አይገደልም። ኬትሬድ_ስቶፕ የሚጠራው ኮድ «ቁም» የሚል ምልክት ያስቀምጣል፣ ትሬዱን ይቀሰቅሳል፣ ከዚያም ወጥቶ እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቃል። ትሬዱ በየዙሩ ኬትሬድ_ሹድ_ስቶፕ ብሎ ምልክቱን ማየት አለበት። ይህንንም ማየት ያለበት «ተኝቻለሁ» ካለ በኋላ ነው፤ አለዚያ ከላይ ያየነው ነገር እንደገና ይመጣና የጠራው ኮድ ለዘላለም ይጠብቃል። ዊንዶውስም በዚህ ላይ ይስማማል። የሲስተም ትሬድ የሚያበቃው ራሱ ትሬዱ ፒኤስ-ተርሚኔት-ሲስተም-ትሬድን ሲጠራ ነው፤ ድራይቨሩ ሌላውን ትሬድ በዚህ መግደል አይችልም።

ሞጁል ለሚጽፍ ሰው አንድ ተጨማሪ አደጋ አለ። የትሬዱ ኮድ የሚኖረው ሞጁሉ ውስጥ ነው። ትሬዱን ሳታቆሙ ሞጁሉን ብታነሱት ኮዱ ከእግሩ ሥር ይጠፋል፣ ከርነሉም ይወድቃል። ትሬዱ በራሱ ጊዜ ቀድሞ ከወጣ ደግሞ መዝገቡ ተለቅቆ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ኬትሬድ_ስቶፕን መጥራት የሌላ ሰው የሆነ ሚሞሪ መንካት ነው። ስለዚህ ፈጣሪው መዝገቡ እንዳይለቀቅ አስቀድሞ መያዝ አለበት።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። የከርነል ትሬድ ስታክ (ፋንክሽኖች ጊዜያዊ ነገሮቻቸውን የሚያስቀምጡበት ሚሞሪ) በ64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ላይ 16 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ እስከ 2014 ድረስ 8 ነበር። ተራ የሊኑክስ ፕሮግራም በተለምዶ 8 ሜጋባይት ያገኛል። ትልቅ አሬይ ስታክ ላይ ማስቀመጥ እዚህ አይሞከርም። ሌላው፣ በማይቋረጥ እንቅልፍ የሚጠብቅ ትሬድ የማሽኑን ሎድ አቬሬጅ (የሥራ ጫናውን የሚያሳየውን ቁጥር) በአንድ ይጨምራል፤ 120 ሰከንድ ካለፈው ደግሞ ኬሀንግታስክዲ ሎግ ላይ ይከሰዋል። ሥራ ፈትቶ ለሚጠብቅ ትሬድ ታስክ_አይድል የሚባል ሁኔታ የተፈጠረው ለዚህ ነው።

የትሬዱ ስም ደግሞ በመዝገቡ ላይ 15 የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ቦታው 16 ባይት ሆኖ የመጨረሻው ለማብቂያ ምልክት ይሄዳል። ትንሽ ቢሆንም በደንብ ይታሰብበት። ሌሊት ሰርቨሩ ሲያስቸግር አስተዳዳሪው የሚያየው ያንን ስም ብቻ ነው። «ወርከር» ብሎ መሰየም ምንም አለመሰየም ነው።

ስሙ የሚጋጨው እንዴት ነው

እዚህ ላይ ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙበት አንድ ስም አለ፤ ከረንት ይባላል። ከርነል ውስጥ ከረንት ማለት አሁን እየሠራ ያለው ትሬድ መዝገብ ነው፣ «እኔ ማን ነኝ» የሚለው ጥያቄ መልስ። በድሮው ኢንቴል ላይ በሚያምር ዘዴ ነበር የሚገኘው። ስታኩ 8 ኪሎባይት ስለነበርና መነሻው ሁልጊዜ በ8 ኪሎባይት ልክ ላይ ስለሚያርፍ፣ የስታክ ፖይንተሩን የታችኞቹን 13 ቢቶች ዜሮ ሲያደርጉ መነሻው ይገኛል። የትሬዱ መረጃም እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃል። አሁን በእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የግል ቫሪያብል ተተክቷል።

ችግሩ ከረንት ማክሮ መሆኑ ነው። ማክሮ የቫሪያብልን ሕግ አያውቅም። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ገና ኮዱን መረዳት ሳይጀምር ጽሑፍን በጽሑፍ ይተካል። በየትኛውም ፋንክሽን ውስጥ፣ በየትኛውም ስትራክት (ብዙ መረጃ በአንድ ላይ የሚይዝ መዝገብ) ውስጥ ከረንት የሚል ቃል ካለ ጌት_ከረንት በሚል ጥሪ ይለወጣል። አሁን ሊንክድ ሊስት (ኖድ የሚባሉ፣ አንዱ ቀጣዩን የሚያመለክት መረጃዎች ሰንሰለት) የሚያስስ ኮድ አስቡ። የያዘውን ኖድ «ከረንት» ብሎ ያልሰየመ ፕሮግራመር ጥቂት ነው። ያ ኮድ ለተራ ፕሮግራም ያለ ችግር ይሠራል። ወደ ከርነል ሲወሰድ ግን ኮምፓይለሩ «የጌት_ከረንት ዓይነት ተጋጨ» ይላል። ጸሐፊው ጌት_ከረንት የሚባል ነገር ጽፎ አያውቅም። ፋይሉን ቢፈልግም አያገኘውም።

ይህ የሚሆነው ኢንክሉድ የሚባለው ነገር በጣም ቀላል አሠራር ስላለው ነው። ሄደሩን ይከፍታል፣ ያለውን ጽሑፍ በሙሉ በዚያ ቦታ ይለጥፋል፣ አለቀ። ሄደሩ ሌላ ሄደር ከጠራ ያም ይለጠፋል። አንድ መስመር ጽፋችሁ ብዙ ሺህ መስመር ሊገባ ይችላል፣ ከነስሞቹ።

በጥንቱ ሲ ነገሩ ከዚህም የባሰ ነበር። በ1970ዎቹ ኮምፓይለር የስትራክት አባላት ስም ሳይቀር የጋራ ነበር። ሁለት የተለያዩ ስትራክቶች «ሞድ» የሚል አባል በየፈለጉበት ቦታ ማስቀመጥ አይችሉም ነበር። ለዚህ ነው የፋይል መረጃ በሚይዘው ስታት ውስጥ ያሉት ሁሉ ኤስቲ_ሞድ፣ ኤስቲ_ሳይዝ እየተባሉ የተሰየሙት፤ የሰዓቱ ስትራክትም ቲኤም_አወር፣ ቲኤም_ሚን የሚለው። ገደቡ ከተነሳ ዓመታት አለፉ፤ ስሞቹ ግን ቀርተዋል፣ እንደ እውነቱ ከሆነም ጠቅመዋል። በአንድ ሰፈር ሦስት ሰለሞን ሲኖር «የቱ ሰለሞን?» ሲባል የአባት ስም እንደሚጨመረው ነው። የአባት ስሙ አንዱን ሰለሞን ከሌላው ይለያል፣ የማን ቤት ልጅ እንደሆነም ይናገራል። የዊንዶውስ ከርነል ይህን በሥርዓት ይዞታል፦ ኤምኤም ብሎ የሚጀምር የሚሞሪ ክፍል ነው፣ አይኦ የግብአትና ውጤት፣ ኬኢ የከርነሉ እምብርት፣ ፒኤስ የፕሮሰስና የትሬድ። ስሙን ያየ ሰው የትኛውን ሰነድ መክፈት እንዳለበት ያውቃል።

ትሬድ ራሱ አንድን የታወቀ ስም እንዴት እንደቀየረም ማየት ይጠቅማል። ኤረኖ ድሮ ተራ የጋራ ቁጥር ነበር፤ የመጨረሻው ስህተት ኮድ ይቀመጥበታል። ፕሮግራም አንድ መስመር ብቻ ሲኖረው ይህ ይበቃል። ሁለት ትሬድ ሲሆን ግን አንዱ «ፋይሉ የለም» የሚለውን 2 ቁጥር ሳያነበው ሌላው 4 ይጽፍበታል። እያንዳንዱ ትሬድ የራሱ ኤረኖ ያስፈልገዋል፤ ኤረኖ የሚለውን ስም የሚጠቀመው ኮድ ደግሞ ተቆጥሮ አያልቅም። ስለዚህ ስሙ ማክሮ ሆነ። ጂሊብሲ በሚባለው የሊኑክስ የሲ ላይብረሪ ውስጥ የዚያን ትሬድ ቦታ ወደሚመልስ ፋንክሽን ይዘረጋል። ሄደሩን ሳይጠሩ «ኤረኖ የሚባል ቁጥር አለ» ብለው በእጃቸው ያወጁ የድሮ ፕሮግራሞች በዚህ ለውጥ ተሰበሩ።

የማን ስም ነው?

የሲ ስታንዳርድ ለዚህ ድንበር አስቀምጧል፣ ብዙ ሰው ግን አያነበውም። በሁለት የታች ሰረዝ የሚጀምር ስም፣ ወይም በአንድ የታች ሰረዝና በትልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል የሚጀምር ስም የኮምፓይለሩና የላይብረሪው ነው። እኛ መጠቀም የለብንም። ፖዚክስ የሚባለው የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ስታንዳርድ ደግሞ በ_ቲ የሚጨርሱ ስሞችን ለራሱ ወስዷል። ይሄኛው ብዙዎችን ያስደነግጣል፣ ምክንያቱም ትሬድ_ቲ ብሎ የራሱን ዓይነት ያልፈጠረ ፕሮጀክት ማግኘት ይከብዳል። ትሬድ_ቲ ሶላሪስ ላይም አለ፣ ማክ ላይም አለ። ማክ ላይማ ሁለት ትርጉም ነው ያለው፦ ከርነሉ ውስጥ የትሬዱን ስትራክት የሚያመለክት ፖይንተር ነው፣ በተጠቃሚው በኩል ደግሞ ፖርት የሚባል የመገናኛ መስመር ቁጥር ነው። አንዱ ስም በሁለት ዓለም ሁለት ነገር ነው፤ የሚለየው ሄደሩ ውስጥ ያለ አንድ «ከርነል ከሆነ» የሚል መስመር ነው።

ድንበሩ ሲጣስ ምን እንደሚሆን ጌትቲድ ጥሩ ያሳያል። ጌትቲድ የትሬድን ቁጥር የሚመልስ የሊኑክስ ሲስተም ኮል፣ ማለትም ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቅበት ጥሪ ነው። ከርነሉ ውስጥ ከ2001 ጀምሮ አለ። ጂሊብሲ ግን ለረጅም ጊዜ ፋንክሽን አልሰጠውም። ስለዚህ የሚፈልገው ሁሉ በራሱ ፋይል ውስጥ ጌትቲድ የሚል ትንሽ ፋንክሽን ጻፈ። በነሐሴ 2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጂሊብሲ 2.30 ወጣ፣ ጌትቲድንም ይዞ መጣ። የእነዚያ ሰዎች ኮድ በአንድ ጀምበር ኮምፓይል ማድረግ እምቢ አለ። ከጎግል የወጣው ጂአርፒሲ ላይብረሪ ከተነኩት አንዱ ነበር፤ ፋንክሽኑን ሲስ_ጌትቲድ ብሎ ሰየመና ተሻገረ። ያ ቅድመ ስም መጀመሪያውኑ ቢኖር ኖሮ ማንም ምንም ባልሰማ ነበር።

የሜጀርና የማይነር ነገር ደግሞ ከላይብረሪው በኩል የመጣ ጥፋት ነው። ዩኒክስ ላይ እያንዳንዱ ዲቫይስ ሜጀር እና ማይነር የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉት። እነሱን የሚያወጡት ማክሮዎች፣ ስማቸውም ሜጀር እና ማይነር፣ ሲስ/ታይፕስ የሚባለውን መሠረታዊ ሄደር በጠራ ሰው ሁሉ ፋይል ውስጥ ይገቡ ነበር። የሶፍትዌር ቨርዥን የሚይዝ ክላስ በሲ ፕላስ ፕላስ ጻፉ። አባላቱን ሜጀር እና ማይነር ማለት ከሁሉ የሚቀል ስም ነው። ኮንስትራክተሩ ውስጥ ሜጀር ብላችሁ ቅንፍ ስትከፍቱ ማክሮው ይነቃና ስሙን ወደ ጂኤንዩ_ዴቭ_ሜጀር ይቀይረዋል። ጂሊብሲ በ2017 ማስጠንቀቂያ መስጠት ጀመረ፤ በ2018 በ2.28 ማክሮዎቹን ከዚያ ሄደር አወጣ። በዚያም ጊዜ ሌላው ወገን ተሰበረ፣ ማክሮዎቹ በነፃ እንደሚመጡ ለምዶ የነበረው። ሄደር ውስጥ አንዴ የገባ ስም ሲወጣም ያስከፍላል።

ዊንዶውስ ላይ የታወቁት ሚን እና ማክስ ናቸው። ዋናውን የዊንዶውስ ሄደር የጠራ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም የቋንቋውን የራሱን ሚን መጠቀም ሲያቅተው ኖሚንማክስ የሚል ቃል ቀድሞ ማወጅ አለበት። ሊኑክስም ነፃ አይደለም። የቁልፍ አስተዳደር ሄደሩ ውስጥ አንድ አባል «ፕራይቬት» ተብሎ ነበር። በሲ ችግር የለውም፤ በሲ ፕላስ ፕላስ ግን ይህ የቋንቋው ቃል ነው፣ ሄደሩ ከናካቴው አይነበብም። በኋላ «ፕሪቭ» የሚል ሁለተኛ ስም በዚያው ቦታ ላይ ተጨመረለት፤ የድሮውም እንዳይሰበር ለሲ ብቻ ቀረ።

በሥርዓት የተሠራ ለውጥ ማየት ለሚፈልግ ፍሪቢኤስዲ የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም እጠቁማለሁ። እዚያ ኬትሬድ_ክሪኤት ስሙ ትሬድ ይበል እንጂ የሚፈጥረው ሙሉ የከርነል ፕሮሰስ ነበር። በ2009 በወጣው 8.0 እውነተኛ የከርነል ትሬድ ሲመጣ ስሞቹ ተስተካከሉ። ፕሮሰስ የሚፈጥሩት ኬፕሮክ_ክሪኤት በሚል ቤተሰብ ሥር ገቡ፤ ኬትሬድ የሚለው ለትሬዶቹ ተለቀቀ፣ መፍጠሪያውም ኬትሬድ_አድ ተባለ። ኬትሬድ_ኤግዚት የሚለው ስም ትርጉሙ ቢቀየርም የሚቀበለው ነገርም አብሮ ተቀይሯል፤ ድሮ ቁጥር ይቀበል ነበር፣ አሁን ምንም አይቀበልም። ስለዚህ የድሮ ድራይቨር ሳይታረም ኮምፓይል አይሆንም። ይህን በጣም እወደዋለሁ። ትርጉሙ የተቀየረ ስም በዝምታ ከሚሠራ ጮኾ ቢሰበር ይሻላል።

ግጭት እንዳይመጣ

ሊኑክስ በ2012 በከርነል 3.7 ትልቅ ጽዳት አደረገ። የከርነል ገንቢው ዴቪድ ሃውልስ ለተጠቃሚ ፕሮግራም የሚሰጡትን ሄደሮች ዩኤፒአይ ወደሚባል የተለየ ዳይሬክተሪ አወጣቸው። ከዚያ በፊት የከርነሉና የተጠቃሚው በአንድ ፋይል ተደባልቀው «ከርነል ከሆነ» በሚል መስመር ብቻ ይለያዩ ነበር። ወደ ውጭ የሚወጡት ሄደሮች ዓይነቶቻቸውን __ዩ32፣ __ኤስ64 እያሉ በሁለት የታች ሰረዝ ይጽፋሉ። ለዓይን ደስ አይልም። ሆኖም የተጠቃሚው ፕሮግራም የራሱ ዩ32 ቢኖረው አይነካበትም።

ሁለተኛው ትልቅ መሣሪያ አለመጥራት ነው። ሄደራችሁ የትሬዱን መዝገብ ፖይንተር ብቻ የሚያነሳ ከሆነ መዝገቡን የሚገልጸውን ግዙፍ ሄደር መጥራት አያስፈልጋችሁም። «ስትራክት ታስክ_ስትራክት የሚባል አለ» ብሎ በአንድ መስመር ማወጅ ይበቃል። ሊኑክስ ለስትራክት የ_ቲ ስም ማውጣትን የማይወደው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ታስክ_ቲ የሚባል ነበር፤ ከኮዱ ተለቅሞ ወጥቷል።

ከፋይሉ ውጭ የማይፈለገውን ፋንክሽን ሁሉ ስታቲክ በሉት። ስታቲክ ያልሆነ ስም ሊንከሩ (ኮምፓይል የሆኑ ፋይሎችን የሚያያይዘው ፕሮግራም) ጋ ይደርሳል፣ እዚያም የከርነሉ ሁሉ ስም አንድ ላይ ነው። «ዲበግ» ብለው የሰየሙ ሁለት ድራይቨሮች ለየብቻ ሞጁል ሲሆኑ ላይታወቅ ይችላል። ሁሉም ነገር በአንድ ምስል ሲገነባ፣ ኦልየስኮንፊግ በሚባለው አሠራር፣ ግጭቱ ወዲያው ይወጣል። ከ2019 ጀምሮ፣ ከከርነል 5.4 ማለት ነው፣ ለሌሎች ሞጁሎች የሚሰጡ ስሞች በክልል ተከፍለው ሊሰጡ ይችላሉ፤ የሚጠቀምበት ሞጁል ያንን ክልል እፈልጋለሁ ብሎ በግልጽ ማወጅ አለበት።

በጣም የሚያታልለውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሄደር ሁለት ጊዜ እንዳይለጠፍ አናቱ ላይ መጠበቂያ ማክሮ ይደረግበታል። ሁለት የተለያዩ ሄደሮች መጠበቂያቸውን ሁለቱም ትሬድ_ኤች ብለው ከሰየሙት፣ መጀመሪያ የተጠራው ይገባል፣ ሁለተኛው ባዶ ይሆናል። የስህተት መልእክቱ ስለ መጠበቂያው ምንም አይልም። የሚለው «ይህ ዓይነት አይታወቅም» ብቻ ነው፣ ሄደሩ ተጠርቶ እያያችሁት። መጠበቂያውም እንደ ፋንክሽኑ የፕሮጀክቱን ስም በቅድሚያ ይያዝ። የፋይሉ ስምም እንዲሁ፤ ስኬድ.ኤች የሚባል ፋይል ሲስተሙም አለው፣ የእናንተ ፕሮጀክትም ካለው የትኛው እንደሚገኝ የሚወስነው የፍለጋው ቅደም ተከተል ነው።

ጥንቃቄ ሁሉ ተደርጎም ከስሞቹ ሥር ያለው መሬት እንደሚቀየር ማወቅ ያስፈልጋል። ሲ በ1999 የእውነት-ሐሰት ዓይነት ሲጨምር ቡል የሚለውን አልደፈረም፤ የዓለም ኮድ ግማሹ የራሱ ቡል ነበረው። የተጠበቀውን _ቡል መረጠ፣ ቡል የሚለውን ደግሞ ሄደር ለጠራ ብቻ ሰጠ። ሲ23 በሚባለው የቋንቋው አዲስ ቅጂ ላይ ግን ቡል፣ ትሩ እና ፎልስ የቋንቋው ቃላት ሆኑ። በ2025 የወጣው የጂሲሲ ኮምፓይለር 15ኛ ቅጂ ሌላ ካልተነገረው ይህን ቋንቋ ይጠቀማል። ሊኑክስ ከርነል ደግሞ ፎልስ እና ትሩ የሚሉ የራሱ ስሞች በመሠረታዊ ሄደሩ ውስጥ አሉት። ዋናው ግንባታ ጂኤንዩ11 የሚለውን የቆየ የሲ ቅጂ በስም ስለሚጠይቅ አልተነካም። የራሳቸውን የኮምፓይለር ትእዛዝ የሚጠቀሙ ጥቂት ክፍሎች ግን፣ ለምሳሌ የማስነሻው ኮድ፣ ቋንቋውን አልጠቀሱም ነበርና ተሰበሩ። ማስተካከያው በእነዚያም ቦታዎች ጂኤንዩ11 የሚለውን መጨመር ሆነ።